የከሰል ሐዲዱ ድንጋዮችና ያልተለመኑት ሰውዬ

ለንደን ውስጥ፣ ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ ባለው፣ ካውንስሉ ማለት የሰፈሩ አስተዳደር በሚያከራየው ሕንፃ ግቢ፣ ከቆሻሻ መጣያዎቹ ጀርባ፣ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ነበሩ። ነበሩ ነው እንግዲህ። ዛሬ በቦታቸው የብስክሌት መጠለያ ቆሟል። ብስክሌት ግን የለበትም፤ ጎማዋን የተነጠቀች አንዲት የሕፃን ጋሪ ብቻ ታስራበታለች። እድገት የሚሉት ነገር ጠባዩ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ያለውን ያፈርሳል፣ ከዚያ ለሌለው ነገር ቤት ይሠራለታል።

ድንጋዮቹ የወንበር መቀመጫ የሚያህሉ፣ አራት ማዕዘን፣ በሁለት ረድፍ የተኙ ነበሩ፤ ሰባቱ በአንድ ወገን፣ አምስቱ በሌላው። በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ሁለት ቀዳዳ አለ። በካውንስሉ መዝገብ "የአትክልት ጠርዝ፣ አሮጌ" ተብለው ተጽፈዋል። ለሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ የአበባ ማስቀመጫ ነበሩ። ጡረታ ለወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ለዘርይሁን ደግሞ የሲጋራ ወንበር ነበሩ፤ ቀዳዳቸውም ቁራጩን ለመጣል ይመቻል። ሁለት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስለ መንግሥት ብልሹነት ማማት የሰው ልጅ መብት ነው።

ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ችግሩ ያ አንድ ሰው አቶ ይኽኣሎ መሆናቸው ነው።

አቶ ይኽኣሎ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው የባቡር ወርክሾፑ ውስጥ ተለማማጅ መካኒክ ሆነው ገቡ። ጦርነቱ ባቡሩን አቆመው፤ እሳቸውም በሱዳን በኩል ዞረው ለንደን ደረሱ። አዲስ አበባ ያደገችውን ኣድሓነትን እዚሁ አገቡ፤ በቤታቸው የሚነገረው ቋንቋ አማርኛ የሆነው በእሷ ነው። አንዲት ልጅ ወለዱ፣ ኣዲያም ትባላለች፤ አሁን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አካባቢ ፋርማሲስት ናት። እሳቸው አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ብሎን ሲፈቱና ሲያጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ኣድሓነት ከሞተች አራት ዓመት ሆናት።

ድንጋዮቹን ያወቋቸው ጎመን ሊተክሉ ሲቆፍሩ ነው። ከአንዱ ድንጋይ ላይ ሻጋታውን ፋቁና ጣታቸውን ወደ ቀዳዳው ከተቱ። ከሥር ጠንካራ እንጨት አለ፤ እንጨቱ ውስጥ የተበላ የብረት ሚስማር አለ። አቶ ይኽኣሎ ጣታቸውን ሳያወጡ እዚያው ተንበርክከው ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው በእርምጃ ለኩ። ከድንጋይ እስከ ድንጋይ እኩል ነው። ከረድፍ እስከ ረድፍም እኩል ነው። አትክልተኛ እንዲህ አይለካም።

"ተነሥ ከላዩ" አሉት ዘርይሁንን።

"ምነው? ቀለም ተቀብቷል እንዴ?"

"ባቡር ላይ ነው የተቀመጥከው።"

ዘርይሁን ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ መካከል አየ። "መቼ ነው የሚነሣው ታዲያ? ኬንቲሽ ታውን ቢያወርደኝ ደስ ይለኛል፣ ቀጠሮ አለኝ።"

"ቀልድህን ተወው። ሐዲዱ የሚያርፍበት ነው ይሄ። የከሰል ሐዲድ። ጥንት፣ ጥንት፣ የእሳት ባቡር ሳይመጣ በፊት፣ በፈረስ የሚጎተት።"

"ጋሽ ይኽኣሎ፣ ሐዲድ የሚያርፈው እንጨት ላይ ነው። እኔም ባቡር አይቻለሁ።"

"ፈረሱ የት ይርገጥ? በሁለቱ ሐዲድ መካከል አይደለም እንዴ የሚሄደው? እንጨት በአግድም ብትዘረጋበት ተደናቅፎ እግሩን ይሰብራል። ስለዚህ ከግራ አንድ ድንጋይ፣ ከቀኝ አንድ ድንጋይ፤ መሐሉ ለፈረስ ክፍት።"

"ለፈረሱ አዘኑለታ!"

አዘኑለት። ያን ዘመን የስምንት ዓመት ልጅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው በጨለማ በር ሲያስከፍቱት የሚውሉ ጌቶች፣ ለፈረስ እግር ሲሉ ሐዲዱን ከድንጋይ ላይ አሠሩት። ልጅ ሲሰበር ሌላ ልጅ አለ፤ ፈረስ ግን ይገዛል።

አቶ ይኽኣሎ ከዚያ ቀን ወዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ የአካባቢ ታሪክ የሚቀመጥበት ቤተ መጻሕፍት እየሄዱ ተማሩ። ሰባት ደብተር በአማርኛ ሞሉ። ታሪክ ጸሐፊዎች ባቡርን የሚጀምሩት ከጭሱና ከፉጨቱ ነው፤ ባለ ፉጨቱ ስም አለው፣ ሐውልት አለው። ከዚያ በፊት ሁለት መቶ ዓመት ያህል በሰሜን እንግሊዝ የከሰል አገሮች ጋሪ በእንጨት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል፣ ቁልቁለቱን በራሱ ሲወርድ፣ ዳገቱን ፈረስ ሲጎትተው፣ በኋላም እንጨቱ በብረት ሲተካ የኖረውን ማን ያስታውሰዋል? ከሰሉ እንደሆነ ለንደን በመርከብ ይመጣል፤ ከወንዙ ወደ ቦይ ጀልባ ይገለበጣል፤ ከጀልባው ወደ ምድጃ ይሄዳል። እዚህ ሕንፃው ያለበት ቦታ ያኔ ሜዳ ነበር፤ ሜዳው ላይ የጡብ ምድጃ ነበረ። የምድጃው ባለቤት ከቦዩ ዳር እስከ ምድጃው አፍ ድረስ ግማሽ ማይል የማትሞላ ሐዲድ አዘረጋ።

ይህን የሚናገር ካርታ የለም። አቶ ይኽኣሎ ያገኙት አንድ የጥንት የመሬት ኪራይ ውል ላይ ያለች ግማሽ መስመር ብቻ ነው፤ "በስተግራ ከሰሉ የሚመላለስበት የብረት መንገድ" ትላለች፣ አበቃ። ውሉ መንገዱ የት እንደነበረ አይናገርም። ድንጋዮቹ ግን ይናገራሉ፤ ከተተከሉበት ካልተነሡ። ያቺ ግማሽ መስመርና እነዚያ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አንድ ላይ ሲሆኑ ባቡር ናቸው። ሲለያዩ አንዱ ወረቀት ነው፣ ሌላው ጠጠር።

ታዲያ ባለፈው መጋቢት ሊፍቱ ውስጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ። "ነዋሪውን ያሳተፈ ምክክር" ይላል። የዚህ ዓይነት ምክክር ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ነዋሪው ይሳተፋል፣ ምክሩ ግን አስቀድሞ ታትሟል። አበባ ያልተተከለበት መደብ ይነሣል፣ "አሮጌ ጠርዞች" ይነሣሉ፣ የብስክሌት መጠለያ ይቆማል፤ ቆፋሪው ሰኞ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ በጎ ነበረው። ቅዳሜ በሚደረገው ስብሰባ ላይ የቅርስ ጉዳይ የምትከታተል ባለሙያ ትገኛለች፤ ነዋሪ ቆሞ "ይህ ነገር ታሪክ አለው" ብሎ የመሰከረለት ካለ ትመዘግበዋለች፣ እስኪመረመርም ሥራው ይቆማል። ያልተነሣ ነገር ግን ሰኞ ይነሣል።

ኣዲያም ማስታወቂያውን አንብባ በዚያው ቀን የአባቷን ስም በተናጋሪነት አስመዘገበች። "አፕላይ አድርጌልሃለሁ ባባ፣ አምስት ደቂቃ ሰጥተውሃል" አለቻቸው።

"ምነው እኔን? እንግሊዞቹ ራሳቸው ቢናገሩ..."

"ባባ! እንግሊዞቹ አያውቁም!"

እውነቷን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አብረው አረቀቁ። በስልክ እያነበቡላት፣ እያረመቻቸው፣ አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ላይ አደረሱት። ፀጉራቸውን ተቆረጡ። ጥቁር ሰማያዊ ኮታቸውን አስጠረጉ። ዘርይሁን ደረጃው ላይ ሲያገኛቸው "ጋሽ ይኽኣሎ፣ ፓርላማ ነው እንዴ የምትገባው? እኔንም ሚኒስትር አድርገኝ፣ የድንጋይ ሚኒስትር" እያለ ያላግጥባቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ። ከኣድሓነት ሞት ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም።

እንግዲህ ስለ አቶ ይኽኣሎ በሽታ መናገር ግድ ነው።

ማዕድ ላይ በመጀመሪያው "ብላ" እጁን የሚሰድድ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። አንዴ ሲጠሩህ "ይቅርብኝ"፣ ሲደግሙህ "ደህና ነኝ፣ ተዉኝ"፣ ሲያሰልሱህ "እንግዲህ ካላችሁ" ብለህ ትታጠባለህ። ሦስተኛውን እምቢ ማለት ደግሞ ደጋሹን መስደብ ነው። ሕጉ ደግ ሕግ ነው፤ ለወጥና ለእንጀራ። አቶ ይኽኣሎ ግን ከማዕድ አስነሥተው በሥራም፣ በሐኪም ቤትም፣ በስብሰባም ላይ አወጁት። ጋራዥ ሳሉ አለቃቸው አንድ ቀን "ይኽኣሎ፣ የፈረቃ ኃላፊ መሆን ትፈልጋለህ?" አላቸው። "ኧረ እኔ ማን ነኝ፣ ለሌላ ስጡት" አሉ። ሰውየው "ኦኬ" ብሎ ለሌላ ሰጠው። አቶ ይኽኣሎ ሁለተኛውን ጥያቄ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ።

ኣድሓነት በሕይወት ሳለች በሽታው መድኃኒት ነበረው። ሐኪሙ "ያምዎታል?" ሲላቸው "የለም" ይላሉ፤ ይሄኔ እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች "ዶክተር፣ እንደገና ይጠይቁት" ትላለች። ሰርግ ላይ "ይኽኣሎ ይመርቅ" ሲባልና እሳቸው ሲሽኮረመሙ፣ "አትተዉት፣ እምቢታው ገና አንደኛው ነው" እያለች ሕዝቡን ታስቃለች። ሰላሳ ሦስት ዓመት የባሏን "የለም" ወደ "አዎ" ስትተረጉም ኖራ ሞተች። ሥራዋን የተረከበላት ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጧት በአምስት ሰዓት የሕንፃው አዳራሽ ውስጥ አርባ ያህል ሰው ተቀመጠ። ሰብሳቢው ቤንጃሚን የሚባል ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሰው እንዳይከፋው የሚሳቀቅ ለስላሳ ሰው። የቅርስ ባለሙያዋ ጥግ ላይ ላፕቶፗን ከፍታለች። አቶ ይኽኣሎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ኣዲያም በስተቀኛቸው፣ ያቺ አንድ ገጽ ጉልበታቸው ላይ። ዘርይሁን ከበሩ ቆሞ አውራ ጣቱን አነሣላቸውና ለአንድ ሲጋራ ወጣ። የት ሄዶ እንደተቀመጠ መገመት አያቅትም።

ቤንጃሚን ዝርዝሩን አየ። "ቀጥሎ... ሚስተር ይኽኣሎ ናቸው። ስለ አሮጌዎቹ ድንጋዮች ሊነግሩን ይፈልጋሉ መሰለኝ። ይፈልጋሉ?"

አዳራሹ ዞሮ አያቸው። አቶ ይኽኣሎ ከወንበሩ ግማሽ ተነሡ፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። የጨዋ ልጅ የሚያደርገውን ሁሉ አደረጉ።

"የለም፣ የለም፣ አመሰግናለሁ" አሉ። "ሌሎች ይቅደሙ።"

"እርግጠኛ ነዎት? ግዴታ የለም እኮ።"

"እርግጠኛ ነኝ። ቀጥሉ፣ ቀጥሉ።"

ተቀመጡ። ወረቀቷን አቃኑ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሦስተኛው እስኪመጣ።

ሦስተኛው አልመጣም። ቤንጃሚን "ግሩም" ብሎ ስማቸው ላይ መስመር አሰመረ። ሽማግሌ ሰው በአደባባይ ማስጨነቅ እንዴት ያለ ነውር ነው! እሱም በበኩሉ የጨዋ ልጅ ነው። ኣዲያም የአባቷን እጅ ቀስ አድርጋ ጨበጠች፤ ፈርተዋል ብላ አሰበች፤ ሰው ፊት ልታሳፍራቸው አልፈለገችም። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ጨዋ ሰዎች ተገናኙና በመተሳሰብ ብዛት ባቡሩን ገደሉት።

ቀጥሎ የተጠራው ሰውዬ ግን ልመና አላስፈለገውም። ስለ ብስክሌት ሃያ ሁለት ደቂቃ ተናገረ። ስለ ጎማ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዴንማርክ። አቶ ይኽኣሎ እያንዳንዷ ዐረፍተ ነገር ስታልቅ ቤንጃሚንን ያያሉ፤ ቤንጃሚንም ዓይናቸውን ሲያገኝ ፈገግ ይልላቸዋል። ከዚያ እጅ ተነሣ፣ እጅ ተቆጠረ፣ ስብሰባው ተዘጋ። ባለሙያዋ ላፕቶፗን ከድና ጃኬቷን ለበሰች። እሳቸው ወደ በሩ ሲጋፉ እሷ ሄዳለች።

ግቢው ውስጥ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ቆሙ።

"ለምን ዝም አልሽ?" አሏት።

"እኔ? ባባ፣ ኖ ቴንክ ዩ አልክ እኮ!"

"እና መጀመሪያ ምን ልበል?"

"ዬስ! ዬስ በላ! ስምህን ጠራ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየህ..."

"እንደ ባለጌ? ገና ሲጠሩኝ ዘልዬ?"

"ሁለቴ ጠየቀህ። ሁለቴ!"

"ሁለተኛው ልመና አይደለም። ግዴታ የለም ነው ያለኝ። ሰው ሲለምን ግዴታ የለም ይላል? ሂድልኝ ማለት እኮ ነው።"

"ዘና በል ማለቱ ነው!" አለች። "ኦ ማይ ጋድ፣ ባባ።"

"አንቺ ቤትሽ ስመጣ ሦስት ጊዜ ብላ ብለሽኝ አይደለም የምበላው? ታውቂው የለም?"

"ለምግብ መስሎኝ ነዋ! ለምግብ ብቻ መስሎኝ ነው!"

ዘርይሁን ከድንጋዩ ላይ ተነሥቶ እጁን እያራገፈ መጣ። "እህሳ? አጨበጨቡ?"

ሁለቱን ተራ በተራ አየና ገባው፤ ሠላሳ ዓመት ያውቃቸዋል። "እምቢ አልክ" አለ። "ጋሽ ይኽኣሎ፣ እምቢ አልካቸው አይደል? ወይ አምላኬ። ድንጋዩስ ዐሥራ ሁለት ነው ስትል ነበር፤ ዐሥራ ሦስተኛውን ኮት አልብሰህ ይዘኸው ገብተሃል።" ከዚያ ፊታቸውን በደንብ ሲያየው አፉን ያዘ። "እኔ ነኝ ጥፋተኛው" አለ ቀስ ብሎ። "እዚያ ብሆን ጮኼ አስጠይቅህ ነበር።"

ኣዲያም ሮጣ ቤንጃሚንን ያዘችው። ሰውየው ነገሩን ሲሰማ ደነገጠ፣ ቀላ፤ "ማስጨነቅ አልፈለግሁም እኮ" አለ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። ቆሞ ኢሜይል ጻፈ። ወዲያው መልስ መጣለት፤ ላኪው ማሽን ነው፤ ባለሙያዋ እስከ ማክሰኞ የለችም። ለቆፋሪው ድርጅት ደወለ፤ ቅዳሜ ነው፤ ስልኩ ሙዚቃ አሰማው። ቤንጃሚን ሙዚቃውን አርባ ደቂቃ ሰማ። በሕይወቱ ማንንም ይህን ያህል ጊዜ ለምኖ አያውቅም፤ የለመነውም ሙዚቃ ነው።

እሑድ አቶ ይኽኣሎ ሜትራቸውን ይዘው ወርደው ለኩ። ኣዲያም በስልኳ ፎቶ አነሣች። ዘርይሁን የሜትሩን ጫፍ ያዘ፤ አንድም ቀልድ አልወጣውም።

ሰኞ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትንሽዬ ቢጫ ቆፋሪ መኪና ገባች። አቶ ይኽኣሎ ኮታቸውን ለብሰው ቀድመው ወርደዋል። ሾፌሩ ቀይ ጢም ያለው ወጣት ነው። እጃቸውን አነሡበት፤ ሞተሩን አጠፋላቸው። ድንጋዩ ባቡር መሆኑን፣ ፈረሱን፣ ከሰሉን፣ ያቺን ግማሽ መስመር፣ ያን አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ሙሉውን ነገሩት። ሳይለመኑ። ወጣቱ የራስ መከላከያውን አውልቆ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው።

"በጣም ደስ የሚል ታሪክ ነው አባት" አላቸው። "ግን እኔ ወረቀት ነው የያዝኩት። አርብ ቢነግሩኝ ኖሮ አለቃዬን እጠይቅልዎት ነበር።" ሞተሩን አስነሣ።

የመኪናዋ ጥርስ ከመጀመሪያው ድንጋይ ሥር ገብታ ቀና አደረገችው። ከሥሩ የወጣው አፈር ጥቁር ነበር፤ የከሰል ብናኝ ነው፣ ሁለት መቶ ዓመት ተደብቆ የኖረ። አቶ ይኽኣሎ ከዚያ አፈር እፍኝ ዘገኑ፤ መዳፋቸው ጠቆረ። ዐሥራ ሁለቱን ማንሣት ከሃያ አምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ትልልቆቹ በሚጭናቸው መኪና አይገቡም ተብሎ በመዶሻ ተፈረካከሱ።

"ከዚህ አንዱን ይፈል..." ብሎ ወጣቱ ሳይጨርስ፣

"ዬስ!" አሉ አቶ ይኽኣሎ።

ግማሽ ድንጋይ ሰጣቸው፤ አንድ ቀዳዳ ያለው። ከዘርይሁን ጋር ሆነው በገበያ ጋሪው እየጎተቱ ወደ ሊፍቱ ወሰዱት፤ የጋሪው ጎማ መንገድ ላይ ወለቀ። "ሁለት መቶ ዓመት ከሰል ተሸክሞ፣ በመጨረሻው የእኔን ጋሪ ሰበረ" አለ ዘርይሁን። ድንጋዩ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀዳዳ ያለው ግማሽ ድንጋይ ማንም ምንም ሊለው ይችላል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ባለሙያዋ ከልቧ ማዘንዋን ገልጻለች፤ ቅዳሜ ዕለት አንድ ሰው ቢናገር ኖሮ ሥራው በዚያው ይቆም እንደነበረ ጽፋለች፤ ይህን ባትጽፍ ይሻል ነበር። ድንጋዮቹ ከቦታቸው ከተነሡ በኋላ በፎቶና በሜትር ብቻ እዚህ ሐዲድ ነበረ ብሎ መመዝገብ አይቻልም። ይሁንና የነዋሪዎች ትዝታ የሚቀመጥበት መዝገብ አለ፤ ሚስተር ይኽኣሎ ትዝታቸውን ቢልኩ በደስታ ይቀበላሉ፤ ቅጹ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ኣዲያም እሑድ ላፕቶፕ ይዛ መጣች።

"ንገረኝ ባባ፣ እኔ ልጻፈው።"

"ተይው።"

"ንገረኝ።"

"ምን ያደርጋል ልጄ። ድንጋዩ ሄደ። ተይው በቃ።"

ላፕቶፗን ልትዘጋ ስትል ቆመች። ሦስት ጣቷን ፊታቸው ላይ አነሣች። "ሦስተኛ ነው" አለች። "ንገረኝ።"

የሚገርመው በዚያ ቀን እምቢታቸው እውነተኛ ነበር። ደክሟቸዋል፤ ስለ ሐዲድ ዳግመኛ መስማትም መናገርም አይፈልጉም። ግን ለእውነተኛው እምቢታ የሚሆን ሌላ ቃል አላስቀመጡም፤ ሁሉንም ለጨዋነት ጨርሰውታል። ሦስተኛውን ደግሞ እምቢ አይባልም። ወንበራቸውን አስጠጉ።

አንድ ሰዓት ተናገሩ። ቀዳዳውን፣ በውስጡ ያለውን እንጨት፣ የረድፎቹን ርቀት፣ ጥቁሩን አፈር። እሷ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች ትጽፋለች፣ አንዳንዴ ታስቆማቸዋለች፣ አንዳንዴ ትስቃለች። የቅጹ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ተናጋሪው ስለ ሐዲድ በምን ሊያውቁ እንደቻሉ ይጠይቃል።

"ይሄ ቀላል ነው" አለች። "የአስመራ ባቡር መካኒክ።"

"ጨምሪበት" አሏት።

"ምን ልጨምር?"

መስኮቱን አዩ። "አስመራ በተከበበችበት ዓመት ወታደሮች ወርክሾፑ መጡ። ለምሽግ ጣሪያ ሐዲድ ፈለጉ። ብረት ነው፣ ጥይት አያሳልፍም። በኋላ በሁለቱም ወገን ምሽግ ውስጥ የእኛ ሐዲድ ነበረ። የሚፈታ ሰው ስጡን አሉ። አለቃችን ሽማግሌ ነበሩ፤ እጄን አሞኛል ብለው ተቀመጡ። ማንም አልነካቸውም። ቤታቸው ሄዱ።"

ኣዲያም አልጻፈችም። "አንተስ?"

"እኔ ጎበዝ መካኒክ ነበርኩ። ሦስት ቀን ፈታን። አባቶቻችን ተራራ እየፈለጡ፣ ስንቱ እየሞተ የዘረጉትን።"

"አስገድደዋችሁ ነው እኮ፣ ባባ።"

"መፍቻ ነው የሰጡኝ። ና ፍታ አሉኝ፣ ተነሣሁ።"

"አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ አላልክም?"

"አላልኩም" አሉ አቶ ይኽኣሎ። "የመጀመሪያውን ብሎን የፈታሁት እኔ ነኝ።"

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ወደ አባቷ ሳትዞር፣ "ይህንንም ልጻፈው?" አለች።

"ጻፊው" አሏት።